ጎፈሬው እስኪያልቅ

ሚስቱ ስትምል፣ ፀጉር አስተካካዩ ከእናቱ ሆድ ሲወጣ እንደ ሰው ልጅ አላለቀሰም፤ አዋላጇን «እንዴት አደርሽ» አላት እንጂ። ሰፈርተኛው እውነተኛ ስሙን ከረሳው ሃያ ዓመት ሆኖታል። ሬዲዮ ነው የሚሉት። መቀሱን ካነሣበት ደቂቃ ጀምሮ እስኪያስቀምጠው ድረስ ምላሱ አያርፍም። ስለ ኳስ ያወራል፣ ስለ መንገዱ ቁፋሮ ያወራል፣ ስለ ሰው ልጅ ጉበት ያወራል፣ ረግጦት የማያውቀውን አገር ምርጫ ሳይቀር ይተነትናል። ማጥፊያ የሌለው ሬዲዮ! «ዝም አይነቅዝም» እያለች ሚስቱ ሃያ ዓመት ሙሉ መክራዋለች፤ ማን ሊሰማት።

እንግዲህ ጤና ጣቢያው መርጦ «አድማጭ» ያደረገው ይህንን ሰው ነው። ጉድ በሉ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በጤና ጣቢያው የምትሠራ አንዲት ወጣት ነርስ አለች፤ ሁሉም ሲስተር ይላታል። ጭንቀት ያጎበጠው ሰው ግቢው በር ድረስ መጥቶ፣ ሰው እንዳያየው አፍሮ ሲመለስ እያየች ስትብሰለሰል ከረመች። አንድ ቀን «እነሱ እኛ ጋ ካልመጡ፣ እኛ እነሱ የሚቀመጡበት እንሄዳለን» አለችና ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራበትን ቤት ሁሉ አሰሰች። ባለሱቆችን፣ ልብስ አጣቢዎችን፣ ፀጉር አስተካካዮችን ሰብስባ ዘጠኝ ቅዳሜ የሰውን ጭንቀት መስማት አስተማረቻቸው። ሬዲዮ ዘጠኙንም ቅዳሜ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ተማረ፤ ተማረ ስል፣ አወራ ማለቴ ነው።

የሲስተር ሕጎች ሦስት ናቸው። አትምከር። አታቋርጥ። የፈራኸውን ጠይቅ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አታደርግም። «አንድ ሰው ሕይወቱን ሊያጠፋ እንዳሰበ ከጠረጠራችሁ ቃሉን ጠርታችሁ ጠይቁት» ትላለች። «ስለጠየቃችሁት ሐሳቡ አይመጣበትም፤ ከመጣበት ደግሞ ብቻውን አይሸከመውም። ከዚያ በኋላ ለደቂቃ ብቻውን አትተዉት፤ ለእኔ ደውሉ።»

ሬዲዮ ሦስቱንም ሸመደዳቸው። ልምምዱ ላይ ግን ጉዱ ፈላ። አንዱ ሠልጣኝ ሐዘንተኛ መስሎ ፊቱ ሲቀመጥ፣ ሰውየው ሁለት ቃል ሳይተነፍስ ሬዲዮ አሥራ አንድ ምክር አወረደበት። እንደገና ቢሞከር፣ አሥራ አራት። ሲስተር መላ ሲጠፋባት አንድ ብርጭቆ ውኃ አመጣችለት። «ጋሼ፣ ይቺን በአፍዎ ይያዟት። እንዳይውጧት!» ጉንጩን ነፍቶ አሥር ደቂቃ ተቀመጠ። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ግን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ተናግሮ ጨረሰና ሬዲዮ ሰማ። የምስክር ወረቀቱን ያገኘው በዚያች ጉንጭ ውኃ ነው።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ሰውየው በደስታ እንቅልፍ አጣ። ወረቀቱን በፍሬም አስገብቶ መስታወቱ ጎን ሰቀለው፤ ከሥሩ ውኃ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጠ፤ ነጭ ጋዋኑን በየቀኑ ማጠብ ጀመረ። በር ላይ ቆሞ የተጨነቀ ደንበኛ ይጠብቃል። መጀመሪያ የገባለት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበር። ሬዲዮ ጨርቁን አንገቱ ላይ አስሮ፣ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኑን እያየ፣ ድምጹን እንደ ዜና አንባቢ አወፍሮ «ምን ይሰማሃል?» አለው።

«ማሽንህ ጆሮዬን ሲያቃጥለኝ ይሰማኛል» አለ ዘበኛው።

ሁለተኛው ዳቦ ጋጋሪው ነበር። «ውስጥህን የሚከብድህ ነገር አለ?» ቢለው «አዎ፣ ሥራ አለኝ፣ ቶሎ ጨርሰኝ» አለው። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አልጨነቅለት አለ። «ምን ዓይነት ሰፈር ነው! ሁሉም ደህና ነኝ ይላል!» እያለ ያማርራል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋን ከፀጉር ቤቱ የሚለየው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ብቻ ነው። የስፌት መኪናዋን ሳታቆም ከግድግዳው ማዶ ትጮኻለች። «በሰው ልጅ ላይ ጭንቀት የሚመኝ አንተን ብቻ አየሁ፣ አንተ ሰውዬ!»

ሐሙስ ረፋዱ ላይ የስፌት መኪናው ድንገት ቆመ። ሚስቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ገባች። ቤቱ ባዶ ነበር።

«ወንድም ጋሼ መፍቻዎቹን ሰጠ» አለችው።

«ለማን?»

«ለጎረቤቱ፣ ለመካኒኩ። ሳጥኑን እንዳለ። ትናንት የቆዳ ጃኬቱን ሰጠ። አሁን ደግሞ የእናታችንን ፎቶ አምጥቶ ‹አንቺ ጋ ይሁን› ብሎኝ ሄደ። ምንድን ነው ነገሩ? ልቤ ፈራ።»

ወንድም ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟን ነው። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከሬዲዮ ጋር አብረው አፈር ፈጭተው ያደጉ፣ በኋላም አማቾች የሆኑ ናቸው። ሰው ሁሉ ጎፈሬ ይለዋል። ከጉርምስናው ጀምሮ ያሳደገው ጎፈሬ ዳር ዳሩ ከመስተካከል በቀር መቀስ አያውቀውም፤ ተሳፋሪ አውቶቡሱን ከሩቅ የሚለየው በታርጋው ሳይሆን በፊት መስታወቱ በሚታየው በዚያ ፀጉር ነበር። ነበር፣ አልኩ። ከአራት ወር በፊት በዝናብ አንድ የጭነት መኪና መስመሩን ስቶ መጣበት፤ ጎፈሬ መሪውን ሲጠመዝዝ አውቶቡሱ በጎኑ ወደቀ። አርባ አንድ ሰው በሕይወት ወጣ። አንዲት አሮጊት ሞቱ። ፖሊሱም ዳኛውም ጥፋት የለበትም አሉ፤ መሥሪያ ቤቱም ና ሥራህን ቀጥል አለው። እሱ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ መሪ አልነካም። ሳቁ ጠፋ፤ ሰውነቱ አለቀ።

ሬዲዮ ክው አለ። የሰባተኛው ቅዳሜ ትምህርት ዓይኑ ላይ መጣ። ሲስተር በትልልቅ ፊደል ሰሌዳው ላይ የጻፈችው፣ ንብረቱን ማደል የጀመረን ሰው አትለፉት የሚለው።

«አሁኑኑ ቤቱ እሄዳለሁ» ብሎ ጋዋኑን ሲያወልቅ ጎፈሬ ራሱ በሩ ላይ ብቅ አለ። ጺሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ። ለእህቱ ፈገግ አለላት፤ እሷም ባሏን በዓይኗ ለምናው ወደ ሱቋ ወጣች። ጎፈሬ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ሬዲዮ፣ ዛሬ በደንብ አሳምረኝ» አለ። «ከዚህ በኋላ አላስቸግርህም።»

እንግዲህ ስንት ቀን ደንበኛ የጠበቀው ሰው፣ ያ የጠበቀው ሲመጣ ጨርቁን አንገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ፈትቶ አሰረው። የተመኘው እንዲህ ያለውን አልነበረም። የገዛ ወንድሙን ያህል የሚወደው ሰው ነው፤ ዛሬ ከዚህ ወንበር ተነሥቶ ከወጣ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። ጥያቄውን ያውቀዋል። ሽምድድ አድርጎ ያውቀዋል። ግን የዓለምን ወሬ ሁሉ ሲያወርድ የኖረ ምላስ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ማንሣት አቃተው። በምትኩ ቀልድ መጣለት፣ ምክር መጣለት፣ ትናንት የተደረገው ጨዋታ መጣለት። ሁሉም ጉሮሮው ላይ ተጋፉ። ዓይኑ ብርጭቆው ላይ ዐረፈ። አንሥቶ ጉንጩን ሞላ።

ጎፈሬ በመስታወቱ አየው። «ምነው፣ ጥርስህን አመመህ?»

ሬዲዮ ራሱን ነቀነቀ። መቀሱን አነሣ። ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ። ቤቱ ውስጥ ከመቀሱ ሌላ ድምጽ አልነበረም። ያ ፀጉር ቤት ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቶ አያውቅም።

ብዙ ቆየ። ጎፈሬ ዓይኑን ጨፈነ።

«መቀስህ ለካ ድምጽ አለው» አለ። «አንተ ስታወራ አይሰማም ነበር። የዝናብ መጥረጊያውን ይመስላል። የአውቶቡሱን።»

ቅጭ፣ ቅጭ።

«ያን ቀንም እንዲህ ይል ነበር። ዝናቡ ከባድ ነው፤ መጥረጊያው ግራ ቀኝ ይላል። ተሳፋሪው እንቅልፍ ወስዶታል…» አለና ቀጠለ። ስለ መንገዱ አወራ፤ ስለ ኩርባው አወራ። ሬዲዮ ልቡ እየዘለለ ሰማ። አራት ወር ሙሉ ከዚህ ሰው አፍ «ደህና ነኝ» ከምትል ቃል በቀር አልወጣም፤ አሁን እንደ ቧንቧ ተከፍቷል! ዳር ዳሩን አስተካክሎ ሲጨርስ እንደ ልማዱ መቀሱን አስቀምጦ ማበጠሪያ አነሣ።

ጎፈሬ ወዲያው ዝም አለ። ዓይኑን ገለጠ። «ጨረስክ አይደል?» ብሎ ከወንበሩ ብድግ ሊል ሲል፣ ሬዲዮ በግራ እጁ ትከሻውን ጫን አድርጎ በቀኙ መቀሱን አፈፍ አደረገ። ቅጭ፣ ቅጭ። ጎፈሬ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ካቆመበት ቀጠለ።

ገባችሁ? መቀሱ ከቆመ ሰውየው ይቆማል። መቀሱ እንዳይቆም ደግሞ የሚቆረጥ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ሬዲዮ ቆረጠ። ከጆሮ በላይ ቆረጠ፣ ከማጅራት ቆረጠ፣ ሰላሳ ዓመት መቀስ ያልነካውን አናት ቆረጠ። ፀጉሩ ጉንጉን ጉንጉን እየሆነ ወለሉ ላይ ወደቀ። የአፉን ውኃ ሲውጥ በግራ እጁ ብርጭቆውን አንሥቶ እንደገና ይሞላል፤ ቀኙ አያርፍም። ጎፈሬው ግማሽ ደርሷል። አምላኬ፣ ይብቃን ይሆን? እያለ በሆዱ ይለካል። ነገሩ ሳይወጣ ፀጉሩ ቢያልቅስ?

«እማማ ከኋላ ነበር የተቀመጡት» አለ ጎፈሬ። ድምጹ ተለወጠ። «ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከኋላ ሲንገጫገጩ በመስታወት አየኋቸውና አንጀቴን በሉኝ። ሻይ ስናርፍ ‹ይምጡ እማማ፣ ከእኔ አጠገብ ይሻልዎታል› አልኳቸው። መርቀውኝ ተነሡ። እጃቸውን ይዤ ከፊት አስቀመጥኳቸው። እኔ ነኝ ያመጣኋቸው፣ ሬዲዮ። ከኋላ የነበረ አንድም ሰው አልሞተም።»

ቅጭ፣ ቅጭ።

«ፖሊሱ ስለ ፍሬኑ ጠየቀኝ። ዳኛው ስለ ፍጥነቱ ጠየቀኝ። ስለ ወንበሩ ማንም አልጠየቀኝም።»

«ለደግ ብለህ ያደረግከው ነው» የሚለው ሬዲዮ ጥርስ ላይ ደርሶ ውኃውን ገፋው። ጉንጩ ተወጠረ። ከንፈሩን ገጠመ።

«ለአንተ ልነግርህ አራት ጊዜ እዚህ መጣሁ። አራቱንም ጊዜ አፌን ስከፍት ‹አይዞህ፣ እርሳው፣ አንተ ምን አጠፋህ› ብለህ ወደ ኳሱ ገባህ። አልፈርድብህም። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው ያለኝ። እኔም ዘጋሁት።»

የሬዲዮ ዓይን እንባ ሞላ። አራት ጊዜ! አራት ጊዜ ይህ ሰው እዚሁ ወንበር ላይ ነፍሱን ይዞ መጥቶ በወሬ ሸኝቶታል። ከኮምፔንሳቶው ማዶ የስፌት መኪናው ከቆመ ቆይቷል። ዝምታው ያስደነገጣቸው ጎረቤቶችም በር ላይ መሰብሰብ ጀምረዋል። «ሬዲዮው ምን ሆነ? ሰውየው ሞተ እንዴ?» ይላል አንዱ። ሚስቱ ሜትሯን ይዛ በሩን በቁመቷ ሙሉ ዘጋችው። «አንድ ሰው እግሩን ቢያነሣ በዚህ ነው የምገርፈው!» አለች በሹክሹክታ። እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል።

ፀጉሩ አለቀ። ሬዲዮ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ መቀሱ የሚይዘው ቡቃያ እንኳ የለም። ጎፈሬ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ነው። ሬዲዮ እጁን አላቆመም፤ ከራስ ቅሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ አየሩን መቁረጥ ጀመረ። ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ።

«ደክሞኛል» አለ ጎፈሬ። «ማታ ማታ እጃቸው በእጄ ነው። ዕቃዬን ሰጠሁ፣ ለእህቴ ፎቶውን ሰጠሁ። እንግዲህ የቀረኝ የለም አልኩ።»

አሁን ነው። ሬዲዮ ውኃውን ዋጠው። ጉርግል ብሎ ሲወርድ ቤቱ ሙሉ ተሰማ። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኑን አየው።

«ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?»

ቅጭ። ቅጭ። ቅጭ።

ጎፈሬ ዓይኑን ገለጠ። «አዎ» አለ። ከዚያ ከሆዱ የወጣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። አንድም ሰው።» ትልቁ ሰውዬ ጨርቁን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሬዲዮ አልመከረም። እንዴት እንደቻለ እኔም አላውቅም። መቀሱን ጥሎ ከኋላው አቀፈው፤ አገጩን በዚያ ራሰ በራ ላይ አሳርፎ አብሮ አለቀሰ። ሲረጋጉ «ዛሬ ብቻህን አትሆንም» አለው። «ሲስተርን ልጥራት?»

«ጥራት።»

ስልኩን ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ፣ ሚስቱ በሩ ላይ ሆና ቀድማ ደውላ ነበር። ሲስተር ጋዋኗ እየተውለበለበ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሰች። ጎረቤቱን በትና ከጎፈሬ ፊት በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ ቀስ ብላ ጠየቀችው፣ ቀስ ብሎ መለሰላት። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ አብራው እንደምትሄድ፣ ለጊዜው እህቱ ቤት እንደሚያድር፣ ቀን ቀን ሬዲዮ ከጎኑ እንደማይለይ ተነጋገሩ። እህቱ ፎቶውን ከሱቋ አምጥታ ደረቱ ላይ አስታቀፈችው። «ና ራስህ ያዘው፤ እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት አይደለሁም!» አለችው እየተንሰቀሰቀች።

ጎፈሬ ሊሄድ ብድግ አለ። እንደ ልማዱ ጎፈሬውን ሊነካ እጁን ወደ አናቱ ሰደደ። እጁ ያሰበው ቦታ ላይ ምንም አላገኘም። ወረድ አደረገው። መላጣ። ወደ መስታወቱ ዞረ።

«አንተ!» ብሎ ጮኸ። «ጎፈሬዬስ?!»

ሬዲዮ ወለሉን በጣቱ አሳየው። ግማሽ ከረጢት የሚሞላ ፀጉር ተከምሯል።

«ዳር ዳሩን አስተካክል ነው ያልኩህ!»

«አሳምረኝ ነው ያልከኝ! ደግሞ አንተ መች አቆምክና!»

«አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል ነበር» አለች እህቱ እንባዋን እየጠረገች። «የዛሬውስ አፍ ሳያመልጥ ራስ ተመለጠ።»

መጀመሪያ ሲስተር ፈነዳች። ቀጥሎ እህቱ። ጎፈሬ የገዛ መላጣውን በመስታወት እያገላበጠ ሲያይ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሁሉም ዳግም አለቀሰ ብለው ደንግጠው ዝም አሉ። ለካ እየሳቀ ነው። አራት ወር የጠፋው ሳቅ፣ ያ አውቶቡስ ሙሉ ሰው የሚቀሰቅሰው ሳቅ! ሬዲዮ ያንን ሲሰማ ወለሉ ላይ ባለው ፀጉር መሐል ዘለለ፤ እውነት ነው የምላችሁ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰውዬ ዘለለ። «እሰይ!» አለ። ምላሱ በአንዴ ተፈታ፤ ስለ ሳቅ ጥቅም መተንተን ሲጀምር ሲስተር ብርጭቆውን አንሥታ አቀበለችው።

ጎፈሬ ከሲስተርና ከእህቱ ጋር በሩ ላይ ሲደርስ ቆመና ዞር አለ።

«ሬዲዮ» አለ። «ለሐሙስ ወረፋ ያዝልኝ።»

ሬዲዮ አፉ በውኃ ተሞልቷል። በጣቱ የሰውየውን መላጣ እያመለከተ፣ በየትኛው ፀጉርህ? ለማለት ትከሻውን ሰበቀ።

«ይበቅላል» አለ ጎፈሬ።